ከወንዝ ማዶ የሚመጣው ቦይ ጠራጊ

ተረቴን ላምጣላችሁ? አምጪ በሉኛ! እንግዲያው ጠጋ በሉ።

ድሮ፣ እንስሳት ከተማ ሠርተው በሚኖሩበት ዘመን፣ ከወንዝ ወዲህ ቁልቁለት ላይ አንዲት ከተማ ነበረች። በመካከሏ አንድ ቦይ ያልፋል። ቦዩ ከተጠረገ የዝናቡ ውሃ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ከተደፈነ ግን ቤት ይገባል። ስለዚህ ከተማው አያ ከርከሮን ቦይ ጠራጊ አድርጎ ቀጠረው። በአፍንጫው ሲቆፍር ማን ይችለዋል!

ታዲያ የአያ ከርከሮ ቤት ከወንዝ ማዶ፣ ጫካ ውስጥ ነው። በክረምት ከቀትር በኋላ ይዘንባል፣ ወንዙም ይሞላል። እሱም ጠዋት ይመጣል፣ ቦዩን ይጠርጋል፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ይሻገራል። መመለሻ መንገዱ በቦዩ ታች በኩል ስለሆነ፣ እንዳይጨቀይበት ብሎ ጭቃውን ከላይ በኩል ይከምራል።

ከቦዩ ታች፣ ከሁሉ ዝቅ ያለችው ቤት የእመት ዶሮ ናት። እመት ዶሮ ሰባት እንቁላል ታቅፋለች። አምና እንቁላሎቿን ውሃ ወስዶባታል። «የዘንድሮዎቹን አደራህን» ትላለች ለፈጣሪዋ፣ ጠዋትም ማታም።

ሊፈለፈሉ ሦስት ቀን ሲቀር ዘነበ። ውሃው ደጃፏ ድረስ መጣ። በማግስቱ ጠዋት፣

«አያ ከርከሮ፣ ትናንት እኮ ውሃው ደጄ ደረሰ» አለችው።

«እኔ አጽድቼ ነው የሄድኩት። እናንተ አመድ ትደፉበታላችሁ!»

ጠረገ፣ ከመረ፣ ሄደ።

ሁለት ቀን ሲቀር ዘነበ። ውሃው ደጃፉን አልፎ ገባ፤ የጎጆዋን ጭድ አራሰው። ሲነጋ፣

«አያ ከርከሮ፣ ትናንትስ ቤቴ ገባ።»

«ወይ ጉድ! አንቺው ነሻ፣ ስትጭሪ አፈሩን የምታወርጂው።»

«ሃያ ቀን ከዚህ ሳልነሳ፣ በየትኛው እግሬ ጫርኩ?»

ጠረገ፣ ከመረ፣ ሄደ።

አንድ ቀን ነው የቀረው። የዚያን ዕለት ግን ከላይ አገር ቀድሞ ዘንቦ ኖሮ፣ ወንዙ ከቀትር በፊት ሞላ። አያ ከርከሮ ከወንዙ ዳር ተመልሶ መጣ።

«እመት ዶሮ፣ እስኪጎድል ታስጠጊኛለሽ?»

«ግባ እንጂ፣ የእግዜር እንግዳ። ብቻ እንቁላሎቼን እንዳትረግጥ።»

በሩ ላይ ተቀመጠ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ሲያይ፣ ጠዋት የከመረው ጭቃ ቀስ ብሎ ተንሸራተተ፤ እንዳለ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ገባ። ውሃው ገነፈለ፣ ደጃፉን አለፈ፣ እግሩን ነካው።

«የኔው ጭቃ ነው!» አለ።

«እንቁላሎቼ!» አለች እመት ዶሮ።

ዘሎ ወጣ። ዝናቡ እየቀጠቀጠው በአፍንጫው ቆፈረ፤ ጭቃውን አሁን ከታች በኩል ከመረው፣ ለቤቶቹ መከላከያ ሆናቸው። ውሃውም ወደ ወንዝ ዞረ። ያኔ ቦዩ ተናገረ።

«ተመስገን! ጠዋት ስትመጣ አፌ በጭቃ ተሞልቶ ታገኘኛለህ። ስታጸዳልኝ ልናገር እላለሁ፣ አንተ ግን ጀርባህን ሰጥተኸኝ ትሄዳለህ።»

በማግስቱ ሰባቱም ተፈለፈሉ። የከተማው ሹም አያ አህያ መጣ፤ የሆነውን ሰማና ተቆጣ።

«ሲያጥለቀልቀን የከረመው እሱ ኖሯል? ይባረር!»

«አይባረር» አለች እመት ዶሮ። «መቆፈር ያውቅበታል፤ ያላየውን ነው ያላወቀው። ከጎኔ ባዶ ቦታ አለ፣ ስጡትና እዚሁ ይኑር።»

«ሚስቴ ጫካ ለምዳለች፤ እንዴት ይሆናል?» አለ ከርከሮ።

አያ አህያ ቁጣው በረደለት። «አናስገድድህም። ከመጣህ ግን ቤቱን እኛ እንሠራልሃለን፤ እንጨቱን እኔ እጭናለሁ።»

«ጭቃውስ?»

«ጭቃማ አንተ ከምረህልናል!» ሲለው ሁሉም ሳቁ።

አያ ከርከሮ ማዶ ተሻግሮ ከሚስቱ ጋር መከረ። በሦስተኛው ቀን ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። ከዚያ ወዲህ ደመና ሲጠቁር፣ ማንም ሳይጠራው ቦዩ ላይ ይገኛል፤ ውሃው ቢገነፍል የእሱም ደጃፍ አለበታ።

ተረቴ እዚህ አረፈች። ከተማ የሚያገለግል፣ የከተማዋ ዝናብ በእሱም ጣሪያ ላይ ይውረድ። እናንተንም ፈጣሪ ደጃችሁን ይጠብቅላችሁ።