ሥጋ ለሮጠ ነው

አንድ አላምረው የሚባል አዳኝ ነበር። በአገሩ አዳኞች ሁሉ በአንድ አለቃ ሥር ሆነው ይወጣሉ፤ አውሬውን በከበሮና በጩኸት እያባረሩ ይከቡታል፤ የተገኘውን ማታ ይካፈላሉ። የአለቃው ሕግ አጭር ነበር፦ «ሥጋ ለሮጠ ነው።» ደህና እግር ላለው ሰው ጥሩ ሕግ ነው።

አላምረው ከሁሉም ፊት የሚሮጥ ሰው ነበር። አንድ ቀን ድኩላ ሲያባርሩ አለቃው «በገደሉ በኩል ቅደመው!» ብሎ ሲጮህበት፣ ድኩላውን አስቀራለሁ ሲል ገደል ገባና ቅልጥሙ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረለት፤ አጥንቱ ግን ጠሞ ገጠመ። ድኩላውን አዳኞቹ በሉት። በሚቀጥለው አደን ሚስቱ ይታይሽ ድርሻውን ልትጠይቅ እንቅብ ይዛ ብትቀርብ፣ አለቃው «ሕጉን ታውቂያለሽ» ብሎ መለሳት።

አላምረው ባዶውን እንቅብ ሲያይ ከስብራቱ ይልቅ እሱ አመመው።

«ሄጄ ልለምንልህ?» አለችው ይታይሽ።

«የተሰበረው እግሬ ነው፤ አንገቴ አይደለም» አላት።

ከዚያ በኋላ ደጋኑን ይዞ ጫካ ገባ። የማሽላ ጠባቂዎች እንደሚሠሩት ዓይነት ማማ በአንድ ትልቅ ሾላ ላይ ሠራ፤ መሰላልም አቆመለት። መንደሩ ሳቀበት። «አላምረው ጉሬዛ ሆነ» አሉ። ይታይሽም አልማረችው፦ «ብቻ ጭራ አብቅለህ እንዳትመጣ!»

መቀመጥ ቀላል የሚመስለው ተቀምጦ ለማያውቅ ነው። ሳል ይመጣል፣ ይዋጣል። እግር ይደነዝዛል፣ አይዘረጋም። አላምረው ብዙ ምሽት ባዶ እጁን ወረደ፤ በማግስቱም ተመልሶ ወጣ።

አንድ ምሽት የአዳኞቹ ከበሮ ከሩቅ ሲጮህ ቆይቶ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ቀንዱ የተጠማዘዘ አጋዘን እያለከለከ መጣና ጸጥታ ባገኘበት በሾላው ሥር ቆመ። ነፋሱ ከአጋዘኑ ወደ አላምረው ይነፍስ ነበርና አላሸተተውም። ጉንዳን የአላምረውን አንገት ነከሰው፤ አልተነቃነቀም። አጋዘኑ የረገፈውን ሾላ ሊበላ አጎንብሶ ጎኑን ሲሰጠው ደጋኑን ለጠጠ፣ ፍላጻውንም ለቀቀ። ፍላጻው ከትከሻው ኋላ ገባ። አጋዘኑ ጥቂት ሮጠና ተንበርክኮ ወደቀ።

አላምረው በመሰላሉ ወርዶ በስመ አብ ብሎ ባረከው። ከዚያም ብቻውን በዚያ ጫካ ውስጥ ፎከረ። ለማንም አልነበረም፤ ለተሰበረች እግሩ ነበር። ይታይሽ ድምፁን ሰምታ አህያ እየነዳች ደረሰች።

አዳኞቹ በዚያን ቀን ባዶ እጃቸውን ነበር የተመለሱት። አለቃው አጋዘኑን በአላምረው ደጅ ላይ ሲያይ ዓይኑ ቀላ።

«ይሄ እኛ ስናባርረው የዋልነው ነው» አለ። «አንተ ተቀምጠህ ጠበቅከው እንጂ አልሮጥክም። ሥጋ ለሮጠ ነው፤ ወዲህ በል!»

አላምረው ቢላዋውን እንደያዘ ቀና አለ። «እሺ ጌታው፣ በሕግዎ እንሂድ። ዛሬ ከሁላችሁ አብልጦ የሮጠው አጋዘኑ ራሱ ነው። ለእሱ ይስጡታ!»

ደጁ ላይ የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈነዳ። አዳኞቹም ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

አላምረው ግን አልሳቀም። ሥጋውን መሮጥ ለማይችሉት አከፋፈለ፦ ዓይነ ስውር ለሆነው ከበሮ ሠሪ፣ ባሏ በአደን ለሞተባት ሴት፣ በእርጅና ቤት ለዋለው ዱካ አንባቢ። አለቃው ቆሞ ሲያይ ቆየና «ለኔስ?» አለ።

አላምረው የአጋዘኑን ቅልጥም ከእነሥጋው ቆርጦ በሁለት እጁ አቀረበለት። «ይውሰዱ፣ ጌታው። ለእርስዎ ስሮጥ የተሰበረው ይኸኛው ነው።»

አለቃው ተቀበለ። ግን ሊጥለውም ሊበላውም አልቻለም፤ ይዞት ቆመ።

በሳምንቱ «አላምረው ይመለስ፤ ድርሻው ይሰጠዋል» የሚል መልእክት ላከ። አላምረው ያን ጊዜ ወደ ሾላው ሊሄድ ደጋኑን አንግቶ ነበር።

«እኔ ከማማዬ አልወርድም» አለ ለመልእክተኛው። «ድርሻዬን ከእናንተ መካከል ቀጥሎ ለሚሰበረው አቆዩለት።»

ወዳጆቼ፣ ሰው ሲሮጥልን «ጎበዝ!» እንላለን፤ ሲወድቅ ሕግ እንጠቅሳለን። በጉልበቱ በልተን በስብራቱ የምንፈርድ ከሆነ ሕጋችን ለሆዳችን የተሠራ ነው። የወደቃችሁም፣ የእናንተ ነገር በሌላ ሰው ሕግ አያልቅም። መሮጫው መንገድ ሲዘጋባችሁ መውጫ ዛፍ ፈልጉ፤ አንገታችሁን ግን ለማንም አትድፉ።

ዛሬ ማታ ገበታችሁ ላይ የቀረበው በማን እግር የመጣ ነው? ያ ሰው አሁን የት ነው ያለው?