ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች

አንድ ሸማኔ ነበረ። ጊዜው ድሮ ነው፤ ሸማኔ በጌቶች ቤት ከደጃፍ የማያልፍበት ዘመን። ይህ ሸማኔ የአንድ ባላባት ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው።

የተዋወቁት በፈትል ነው። ልጅቱ ለጋቢ የፈተለችውን ድርና ማግ በገረድ አትልክም፤ ራሷ ትወስድለታለች። ሁልጊዜም ማጉ ይጎድላል። «አነሰ እንዴ? በል ነገ አመጣልሃለሁ» ትላለች። አውቃ ነው የምታጎድለው። እሱም ገብቶታል፤ እግሩን በሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እንደሰደደ መወርወሪያውን ይዞ ይስቃል። ደግ ጊዜ ነበር። ሸማኔው ካረጀ በኋላ እንኳ ያን የጎደለ ማግ ሲያነሱበት ፊቱ ይበራ ነበር።

አንድ ቀን ልጅቱ እየሮጠች መጣች። አባቷ ለሌላ ሊድራት ነው።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው። «አባዬ ሆዱ አይችልም፤ ቆሞ የሚለምነውን ሽማግሌ ፊት መንሳት አይሆንለትም። ብቻ እሺ ሳይላቸው እንዳይቀመጡ።»

የአገሩ ወግ እንዲያ ነው። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ቃል ሳያገኝ ከተቀመጠ ልመናውን ትቶታል ማለት ነው። ሸማኔው ሦስት ሸማኔ ዘመዶቹን መረጠ፣ «አደራ፣ እንዳትቀመጡ» ብሎ ላካቸው፤ ራሱ ከባላባቱ አጥር በታች ሾላ ሥር ቆሞ ጠበቀ።

ባላባቱ ገና ሲያያቸው ነገሩ ገባው። አልተቆጣም። ምንጣፍ አስነጠፈና «አባቶቼ፣ ቆማችሁማ አይሆንም፤ በሞቴ ተቀመጡ!» አላቸው። እነሱ በዚያ ቤት «አባቶቼ» ተብለው አያውቁም። የትልቁ ሽማግሌ ዓይን እንባ አቀረረ። ተቀመጠ። ሁለቱም ተከተሉት፤ ጠጅ ተቀዳላቸው።

ሸማኔው ሳቃቸውን ከሩቅ ሲሰማ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

«ምን ያለ ጌታ ነው!» አለ ትልቁ ሽማግሌ፣ ወጥተው ሾላው ሥር ሲደርሱ። «ምንጣፍ ላይ አስቀመጠን እኮ! በብርሌ አጠጣን!»

«ልጅቱስ?» አለ ሸማኔው።

ሦስቱም ቃል ሳያገኙ መቀመጣቸው ትዝ ያላቸው ያኔ ነው።

ልጅቱ በዚያው ዓመት ለሌላ ባላባት ተዳረች። ከዚያ ወዲያ ከባላባቱ ቤት ፈትል የሚመጣለት በገረድ እጅ ሆነ። ማጉም አንድ ቀን ጎድሎ አያውቅም።

እኔ በሽማግሌዎቹ አልፈርድም። ዕድሜ ልኩን ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ተቀመጥ ሲሉት እንዴት አይቀመጥ? አንጀቴን የሚበላኝ ግን ሾላው ሥር የቆመው ነው።

አንተም ልጄ፣ የአገርህ ሰው የተወሰደበትን የግጦሽ መሬት ለምንልን ብሎ ወደ ገዢው ላከህ። ተመልሰህ «ገዢው ከጎኑ ወንበር ሰጥቶ አከበረኝ፤ ታዲያ የአገሬ ሰው ለምን ተቀየመኝ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ሽማግሌዎቹ አንተ ነህ። ሾላው ሥር ቆሞ የሚጠብቀው አገርህ ነው። ከመጣህ ጀምሮ ስለ ወንበሩ ስታወራኝ ቆየህ፤ ስለ ግጦሹ ግን እስካሁን አንድ ቃል አልሰማሁም።