ሽኮኪትና ሁለቱ ጠባቂዎች

ጠጋ በሉ ልጆች፤ ትልልቆቹም አትራቁ። ድሮ ድሮ፣ ስሟ በተረሳ አገር፣ በአንበሳ ሜዳና በጅብ ገደል መካከል አንዲት ትንሽ ዓለት ነበረች። በዓለቷ ውስጥ ሽኮኮዎች ይኖሩ ነበር፤ ከሥሯም በጋ ከክረምት የማይደርቅ ምንጭ ይፈልቃል። አለቃቸው እመት ሽኮኪት ትባላለች።

የሽኮኮ ጥርሱም ጥፍሩም ለጠብ አይሆንም። ስለዚህ ሌላው ሲግጥ አንዱ ዘብ ይቆማል፤ ልጅም አፉን ሲፈታ መጀመሪያ የሚማረው «ማን መጣ?» ማለትን ነው።

አንድ በጋ ወንዙ ሁሉ ነጠፈ። አያ አንበሶ ወደ ዓለቷ መጣና፣ «እመት ሽኮኪት፣ ጅብ ልጆችሽን ሊጨርስ ነው። ገብቼ ልጠብቅሽ» አላት።

 እጅ ነስታ፣ «ጌታዬ፣ ውኃዬን ይጠጡ፣ ደጄን ግን አይለፉ። መክሬ እነግርዎታለሁ» አለችው።

እሱ ዞር ሲል በገደሉ በኩል አያ ጅቦ መጣ። «አንበሳ ልጆችሽን ሊጨርስ ነው። ገብቼ ልጠብቅሽ።»

«ጌታዬ፣ ውኃዬን ይጠጡ፣ ደጄን ግን አይለፉ። መክሬ እነግርዎታለሁ።»

ሽኮኮዎቹ ተሰብስበው ተጨቃጨቁ። አንዱ ጎረምሳ፣ «ለአንበሳ እንደር፤ ብርቱ ነው» አለ።

«እህቴም እንዲህ ብላ ነበር» አለች ሽኮኪት ቀስ ብላ። «ከዝንጀሮ ይጠብቀናል ብላ ነብርን አስገባች። ዝንጀሮስ አልደረሰባቸውም፤ የእህቴን ልጆች የጨረሰው ጠባቂው ነው።»



በማግስቱ አንበሳንና ጅብን ባንድ ላይ ጠራች። አያ ጅቦ መንጋውን አስከትሎ መጣ። አንበሳ ከመንጋው ጋር ምንጩ ዳር ሲፋጠጥ የሁሉም ጠጉር ቆመ።

«አያ አንበሶ፣ ጅብ እዚህ ቢገባ ይህን ውኃ ያገኙታል?»

«አላገኝም።»

«አያ ጅቦ፣ አንበሳ ቢገባስ?»

«በጥም ማለቃችን ነው።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ጠብቁኝ፤ ግን ከውጭ። አንዳችሁ ደጄን ቢያልፍ ሌላው ሊነሳበት ማሉልኝ።»

አንበሳ የጅቡን መንጋ አየ፤ ጅብ የአንበሳን ክንድ አየ። ሁለቱም ማሉ።

«ትንሽ ነሽ፤ ምላስሽ ግን ረጅም ነው» አላት አንበሳ እየሳቀ።

«ትንሽ ስለሆንኩ ነው፣ ጌታዬ» አለችው።

ጠጥተው በየፊናቸው እስኪሄዱ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዓይን ሲሰወሩ ግን ቁጭ አለች። ግልገሎቹ ሮጠው መጥተው እቅፏ ውስጥ ተወሸቁ። ዓለቷ ሳትደፈር ኖረች፤ ሽኮኮዎች ግን ዛሬም ዘብ ሳያቆሙ አይግጡም።

እኔ የሰማሁት ይኸው ነው፤ እናንተም ለልጆቻችሁ አውርሱት፦ ለአንዱ ያደረ ይዋጣል፣ ሁለቱን ያስማለ ከጭንቅ ይወጣል።