ለእናቱ ያወጣው ስም

«ቁጭ በል አልኩህ። አንድ ሰው ነበረ፤ ሰባኪ።»

«የኔታ፣ እኔ የጠየቅሁት ስለ ሰባኪ አይደለም።»

«የጠየቅኸውን ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ገና ደህና ነው።»

ዲያቆን ፍሬስብሐት በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ቦርሳውን ግን ከትከሻው አላወረደም። እሑድ በአዳራሹ ስለ እናቶች እምነት ያስተምራል፤ ማስታወቂያው ከነፎቶው ከተለጠፈ ሰንብቷል። አንድ ነገር ግን አልዋጥለት ብሏል። የሶምሶን እናት መልአክ አነጋግራለች፤ ስሟ አልተጻፈም። ያቺ ከነናዊት ስለ ልጇ እየጮኸች ጌታን ተከትላለች፤ ስሟ አልተጻፈም። የሰራፕታዋ መበለት ለልጇ የቀረችውን ዱቄት ለነቢዩ ጋግራለች፤ እሷም እንዲሁ።

«እምነታቸው ተጽፎ ስማቸው ለምን ተተወ? ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልመልስ? መጽሐፉ ረሳቸው ልበል?»

ይህን ብሎ ነበር የገባው፤ በሩን ሳያንኳኳ።

የኔታ ብርቱካን እየላጡ ነበር። ከአጥሩ ውጭ የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ። ጩኸቱ እስኪያልፍ አልጠበቁም።

«ይህ ሰባኪ አንደበቱ ሰው ያስለቅስ ነበር። በተለይ ስለ ሳሙኤል እናት፣ ስለ ሐና ሲያስተምር። ልጅ አጥታ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ስትጸልይ፣ ካህኑ ሰክራለች ብሎ ሲቆጣት። እዚያ ሲደርስ የራሱም ከንፈር ይንቀጠቀጣል። አያስመስልም፤ ከልቡ ነው። ይህን እወቅለት።

«እናቱ አብራው ትኖራለች፤ ከጓሮ ባለችው ክፍል። ሰፈሩ የሰባኪው እናት ይላታል። እሱ እማ ይላታል። ጎህ ሲቀድ ጧፏን ይዛ ትወጣለች። ለቅዳሴ የሚገባውን ካህን ደጃፍ ላይ ጠብቃ፣ መስቀል ተሳልማ፣ የልጇን የክርስትና ስም ትሰጠዋለች። ‹ገብረ ማርያምን አደራ፣ አባቴ።› ዝናብ ቢሆን፣ ቢያማት፣ ያው ነው። ካህናቱ ከሩቅ ሲያዩዋት ‹ገብረ ማርያም መጣች!› እያሉ ይቀልዱባት ነበር።»

ፍሬስብሐት ፈገግ አለ።

«ሳቅ። እሷም ትስቅ ነበር። ሞተች።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፤ የሚያደርገው ጠፋው።

«ለቀብሯ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ልጇ ዝነኛ ነዋ። ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ካህኑ ወደ እሱ ዘወር አለ። ‹የክርስትና ስሟ ማን ነው?›»

የኔታ ብርቱካኑን ለሁለት ከፈሉት።

«አያውቅም?» አለ ፍሬስብሐት።

«አያውቅም። በልጅነቱ መጠየቅ ትዝ አላለውም። ካደገ በኋላ መጠየቁ አሳፈረው። የሚያውቁት የነፍስ አባቷ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ታመው አገራቸው ገብተዋል። ‹አላውቅም› ቢል ካህኑ የሚያደርገውን አያጣም፤ መሬት ተከፍታ አትውጠውም። ነገር ግን ዙሪያውን አየ። ያስተማራቸው ሰዎች። ስለ እናት ሲያለቅስ ያዩት ሰዎች። ካህኑ ደገመለት። ‹ስሟን?›

«‹ወለተ ሐና› አለ።

«አንዲት ሴትዮ ‹አያችሁ! እንደ ሐና ልጇን ለቤተ ክርስቲያን የሰጠች!› ብላ ደረቷን መታች። ሕዝቡ አነባ። እሱም አነባ። ሰው ኀዘን መሰለው።»

«የኔታ…» ፍሬስብሐት ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። «ሰውዬው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ብሆን እነግርህ ነበር? ብላ።» ግማሹን ብርቱካን ሰጡት። ይዞት ተቀመጠ።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሐና ማስተማር አቃተው። ስሟ ላይ ሲደርስ ምላሱ ይያዛል። ሰዎች ኀዘኑ ገና አልወጣለትም አሉ። ደግሞ አከበሩት።

«አርባዋ ደረሰ። ተዝካሩ ተደገሰ። ካህናቱ ‹ወለተ ሐና› እያሉ ጸሎቱን ሲያደርሱ፣ የነፍስ አባቷ በሰው ተደግፈው ገቡ። ሕመሙ ገና አልለቀቃቸውም፤ ስለ እሷ ሲሉ ነው የመጡት። ከሰባኪው አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ እጁን ያዙና ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። ‹ልጄ፣ ደግሞ ማን ሞተችብህ?›»

ፍሬስብሐት አንገቱን ደፋ።

«አየህ፣ በሩ ተከፍቶለት ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ አይቆጡም። ‹አባቴ፣ ስሟን አላውቀውም› ቢል አለቀ። ጆሮው አጠገብ ናቸው፤ ሌላ ሰው አይሰማም።»

«ምን አለ?»

«‹አክስቴ ናት› አለ።»

«ወይኔ!»

«ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ። ‹ሁለት ኀዘን ባንድ ጊዜ!› ብለው እጁን ሳሙለት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ‹ወለተ ሐናንም› አሉና፣ የእናቱን ስም አስከትለው በለሆሳስ ጠሩ። ዜማው ከፍ ብሎ ነበር። አልሰማውም። ጎንበስ ብሎ ‹ማን አሉ?› ማለት ነበረበት። ማለት አልቻለም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምሳ ቀረበ።»

ከአጥሩ ውጭ ረዳቶቹ እንደገና ጮኹ።

የኔታ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ወደ እሱ ዞሩ።

«የጠየቅኸኝ መጽሐፉ ለምን ተወ ብለህ ነው። ለምን እንደተወ እኔ አላውቅም። አላውቅም ማለት አላፍርም። መጽሐፉ ግን ላልተጻፈው ስም ሌላ ስም አልፈጠረለትም። ከነናዊት አላት፣ ጩኸቷን ጻፈ፣ አለፈ። እሷስ ስሟን መቼ ተናገረች? ልጄን አለች። የሶምሶን እናትም ስለሚወለደው ተነገራት እንጂ ስለ ራሷ የጠየቀችው የለም። እናቶች ወደ እግዚአብሔር የሚገቡት የልጃቸውን ስም ይዘው ነው፤ የራሳቸው አፋቸው ላይ የለም። እምነታቸው ይህ ነው። የእነሱን ስም ይዞ የሚገባው ሌላ ነው። ልጅ ነው የሚይዘው። ያ ሰው አልያዘም። አንተም ያንን ሰው ትመስላለህ። መጽሐፍ ገልጠህ የእናት ስም ጠፋ ብለህ ከሰስህ። ልትጠይቃት የምትችለውን ሳትጠይቅ፣ ለማትጠየቀው ተቆረቆርህ።»

«የእኔ እናት እኮ…» አለ ፍሬስብሐት።

«ስለ እናትህ አልጠየቅሁህም።»

«እኔም… ማለቴ ሁልጊዜ እማዬ ስለምላት…»

«አልጠየቅሁህም አልኩ።»

ጆሮው ድረስ ቀላ። ተነሣ። ብርቱካኑን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋውና ይዞት ቀረ። በሌላው እጁ ስልኩን አወጣ። ቁጥሩን ነካ። ጀርባውን ለየኔታ ሰጥቶ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ።

«እማዬ? … አይ፣ ምንም አልሆንኩም። … በልቻለሁ። … አዎ፣ እሑድ ነው። እሺ፣ ትመጫለሽ። … እማዬ፣ ቆይ፣ አንድ ነገር…»

ወደ ውጭ ወጣ። በሩን በእግሩ ገፋው። ተዘጋ።