የአህያው ማሳና የጅቡ ደቦ

አንድ ጊዜ፣ ዘመኑን በትክክል ይዤዋለሁ ብዬ አልምልም፤ የሸለቆውንም ስም የነገሩኝ ሰዎች አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ ስላሉኝ ባልጠራው ይሻላል፤ ብቻ አራዊትና የቤት እንስሳት በአንድ አንበሳ ሕግ ሥር አብረው ይኖሩ ነበር። ሕጉ አጭር ነበር። መሬት አርሶ ለሸለቆው እህልና ገለባ የሚያወጣን ማንም አይበላውም። የማያወጣ ግን ከአንበሳው ጥበቃ ይወጣል፤ ከጥበቃ የወጣውን ደግሞ ጅብ ይወስደዋል።

በዚያ ሸለቆ አንድ አህያ ነበር። ማሳው ከወንዙ በላይ ያለ ቀይ አፈር ነው። ሲወርሰው መልካም መሬት ነበር ይባላል። ጤፍ የሚዘራ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እሱም በየክረምቱ ከመዝራቱ በፊት እርጥቡን ማሳ በከብት ያስረግጣል፤ አፈሩ ጠበቅ ካላለ ደቃቋ ዘር ወደ ታች ትሰምጣለች ይሉ ነበርና። ዓመት በዓመት ላይ ሲረገጥ የኖረው አፈር ግን እያደር ደደረ። ማረሻ አልይዝ አለ። ዝናብ ሲጥል ውሃው ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ ይተኛል፤ ሥርም መውረጃ ቢያጣ ወደ ጎን ይጠማዘዛል። ሁለት መኸር ተከታትሎ ከሸፈ።

አንበሳው አስጠራው።

«ፍየሎቹ በበጋ የሚበሉት ገለባ አጥተዋል» አለው። «ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮ ይሻላል፣ ጌታዬ።»

«እስከ ኅዳር እጠብቃለሁ። ኅዳር ላይ አውድማህ ባዶ ከሆነ እጄን ከአንተ ላይ አነሣለሁ።»

ጅቡ ከአንበሳው ጀርባ ተጋድሞ ነበር። ይህን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ።

«ጌታዬ፣ ኅዳር ከሰኔ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ ጠየቀ።

አህያው አንገቱን ደፍቶ ወደ ማሳው ሲመለስ ቀበሮዋን ዳር ላይ አገኛት። መሬቱን ልትጭር ሞክራ ኖሮ የተሰበረ ጥፍሯን ትልሳለች።

«እመት ቀበሮ፣ ምን ጠፋብሽ?»

«አይጥ ጠፋብኝ፣ አያ አህዮ። ማሳህን አይጥ እንኳ መቆፈር አቃተው። አንተ ጤፍ አጣህ፤ እኔ ራት አጣሁ።»

«እኔስ ነፍሴን ላጣ ነው» አለና የአንበሳውን ቃል ነገራት።

ቀበሮዋ ጅራቷን ጠቅልላ ተቀመጠች። አዘነችለት የሚሉ አሉ፤ ለአይጧ ስትል ነው የሚሉም አሉ። ብቻ እውነተኛ ምክር መከረችው።

«ከረግረጉ ሥር ያለውን ጥቁር ነገር አይተኸዋል? ስንት ዘመን የበሰበሰ ቅጠልና ሣር ነው። እሱን አውጥተህ በውሃ ዘፍዝፈው። ውሃው እንደ ከሰል ሲጠቁር ማሳህ ላይ አፍስሰው፤ አተላውንም በትነህ ከአፈሩ ጋር ጫር ጫር አድርገህ ቀላቅለው። የተጣበቀው አፈር ቀስ እያለ ይላቀቃል፣ እንደ እንጀራ ፍርፋሪ ይሆናል። ያን ጊዜ ውሃም አየርም መግቢያ ያገኛል።»

«በአንዴ?»

«በአንዴ የሚድን በሽተኛ የት አየህ? ደጋግመህ ነው እንጂ። ደግሞ ይህን ስማኝ። ፍርፋሪው አዲስ ነው፣ ገና አልጠናም። እርጥብ ሳለ እግር ከገባበት ድካምህ ሁሉ ገደል ገባ። ጤፍህን ሳታስረግጥ ዝራ፤ ላዩን በቅጠላም ቅርንጫፍ መጥረግ ይበቃዋል።»

«ጤፍ፣ ሳይረገጥ?»

«ሳይረገጥ።»

አህያው በጋውን ሙሉ ጥቁር ጭቃ ሲሸከም ከረመ። ጀርባው ተገጠበ፣ ዝንብ ወረረው። ያወጣዋል፣ ይዘፈዝፈዋል፣ ያፈስሳል፣ ይጭራል፤ ደግሞ ወደ ረግረጉ ይወርዳል። መንገዱ በቦራ ደጅ ያልፍ ነበር። ቦራ በሸለቆው የተከበረ አራሽ በሬ ነው።

«አያ አህዮ፣ መሬት አነሰህና መሬት ትሸከማለህ?» ይለዋል እያመሰኳ። አህያው ሳቅ ብሎ ያልፋል።

የሰኔው ዝናብ ሲመጣ አህያው ሳይጠለል ማሳው ዳር ቆሞ ተመለከተ። ውሃው አልተኛም። እየሰረገ ወደ ውስጥ ገባ። ሲያባራ ረጅም እንጨት በአፉ ይዞ ቢሰካ ያለ ትግል ጠለቀለት። አፈሩን አሸተተው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደው።

ጅቡም ይህን አይቶ እንባው መጣ። ወደ ቀበሮዋ ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ መሬቱ ሊድንብኝ ነው። ያንን ጥቁር ጭቃ ለቅሜ ልብላው?»

«ጭቃ ስለበላህ አህያ አትበላም፣ አያ ጅቦ። ለእኔ ምን አለኝ?»

«ቆዳው።»

«ጉበቱም።»

ጅቡ ብዙ ተጨነቀ። «ግማሽ ጉበት።»

«እንግዲያው ደህና ዋል።»

«እሺ፣ ሙሉውን።»

«በል እንግዲህ አትንካው። እርዳው። ደቦ ጥራለት፤ ዝናብ በመታው ማግስት ከብቱን ሁሉ ይዘህ ማሳውን አስረግጥለት።»

ጅቡ ነገሩ አልገባውም። አህያ እንደሚበላ ግን ገባው።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ አድሮ ሲያባራ፣ አህያው ዘሩን ይዞ ብቻውን ሊወጣ ሲል ዘፈን ሰማ። በሬው፣ ላሞቹ፣ ወይፈኖቹ፣ ፍየሎቹ ሁሉ መጥተዋል። ጅቡ ከፊት ሆኖ ያቀነቅናል።

«ምነው አያ አህዮ፣ ወገን እንደሌለው ብቻህን?» አለ ቦራ። «ጅብ እንኳ ራርቶ ደቦ ሲጠራልህ እኛ እንቅር?»

«እግራችሁን አታድክሙ» አለ አህያው። «ዘንድሮ ሳላስረግጥ ልዘራ አስቤ ነበር።»

ከብቱ ተያየ።

«ሳታስረግጥ?» አለች አንዲት ላም። «ጀርባህ ነው ወይስ ራስህ የታመመው?»

«ተዪው፣ ማስቸገር ፈርቶ ነው» አለ ቦራ። «እኛ እንደሆነ ስለ ገለባው ቂም የለንም። ያለህን ታቀምሰናለህ፣ በቃ።»

አህያው ቀበሮዋን ፈለጋት። ከኋላ ቆማለች። ‹ንገሪልኝ› በሚል ዐይን አያት።

«እኔ አዳኝ ነኝ» አለች ቀበሮዋ። «ስለ እርሻ አያ ቦራ ይናገር።»

በዚያ ሸለቆ የመጣን ደቦ ከደጁ የመለሰ ገበሬ ተሰምቶ አያውቅም። አህያውን ከበጋው ጭቃ ሁሉ ይህ ከበደው። እነዚህ ፍየሎች የከሱት በእሱ ማሳ መክሸፍ ነው፤ በዚያ ላይ ሊረዱት መጡ። ሂዱ ቢላቸው ነገ ምን ይሉታል? አፉን ከፈተ። ‹አትግቡብኝ› ሊል ነበር።

«ግቡ» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ገቡ። እየዘፈኑ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ወደ ላይና ወደ ታች ረገጡት። ፍርፋሪው አፈር በየኮቴው ሥር እየተለወሰ እንደ ሊጥ ሲጣበቅ አህያው ቆሞ ያያል። ቀስ በሉ እንኳ አላላቸውም። ሲጨርሱ ዘሩን ዘራ፤ ለክረምቱ ያስቀመጣትንም ባቄላ ንፍሮ አድርጎ አቀረበላቸው። መርቀውት ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። ውሃው ማሳው ላይ ተኛ።

ጤፉ በቀለ፤ መስከረም ሳይገባ ቢጫ ሆነ፤ መስከረም ላይ ከሥሩ በሰበሰ። ኅዳር ደረሰ።

«ደቦ ወጥቶልሃል አሉ» አለ አንበሳው።

«ወጥቶልኛል፣ ጌታዬ።»

«ሁሉ ረድቶህ ነው እንግዲህ ባዶ አውድማ የያዝከው? የበደለህ ካለ ተናገር።»

ከብቱ ሁሉ በአዘኔታ ይመለከተው ነበር። ዘፈናቸውንና ምርቃታቸውን አስታወሰ። እናንተ ናችሁ የገደላችሁኝ እንዳይላቸው ይሉኝታ ያዘው።

«መሬቱ ነው፣ ጌታዬ» አለ። «መሬቱ አልሆነኝም።»

አንበሳው እጁን ከእሱ ላይ አነሣ። የቀረውን በዝርዝር ባልናገር ይሻላል፤ ሕፃናትም ይሰማሉ። ቀበሮዋ ስትደርስ ጉበትም ቆዳም አልቆያትም። ጅቡ ሰኮናውን እየቆረጠመ «ቀደም ብለሽ አትመጪም ነበር?» አላት።

የመጨረሻውን ወሬ የሰማሁት ከጥምቀት በኋላ በዋለው ቅዳሜ ነው። ፍየሎቹ ገለባ አጥተው ማለቅ ጀምረዋል። የቦራም ማሳ ደድሮ ማረሻ ሰብሮበት፣ እሱ ራሱ ረግረጉ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ታይቷል አሉ። ቀበሮዋ በዳር ስታልፍ ጠራት።

«እመት ቀበሮ፣ ይህ ጥቁር ነገር እንዴት ነው የሚደረገው?»

«አያ አህዮ በጋውን ሙሉ በደጅህ ሲያመላልስ እሱን መጠየቅ ነበረብህ» ብላው አለፈች።

በሬው ጭቃው ውስጥ እንደቆመ ቀረ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ከሸለቆው የመጣ ሰው አላገኘሁም።

ከዚህ የምንማረው፣ ደክሞ ያዳነውን ነገር በይሉኝታ ‹እምቢ› ማለት አቅቶት ለረጋጭ የሚከፍት ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን ሊረዱት የመጡትንም አብሮ እንደሚያጠፋ ነው።