የማገጥ እንግዳ

ተረቴ ከተራራ ወረደች፤ ጆሮ ያለው ይቀበላት።

በዕድሜው አንዴ ብቻ የሚያብበው ረጅሙ ተክል፣ ጅብራ፣ አበባውን አውጥቶ ንቦችን ይጠብቅ ነበር። ከሥሩ ያበበችውን ትንሿን የግጦሽ ሣር፣ ማገጥን፣ «አንቺን ደግሞ ከበግ በቀር ማን ያይሻል?» አላት።

ድንገት ነፋስ ተነሣ። ወደ ጅብራ ትበር የነበረች ንብ ተንገላታ ማገጥ ላይ ወደቀች። ማገጥም «በሞቴ ቅመሺ» እያለች አቆየቻት። ነፋሱ ሲበርድ ግን፣ «አሁን ወደ ጅብራ ሂጂ፤ እህቶችሽንም ጥሪ» አለቻት።

«ሲሰድብሽ ሰምቻለሁ እኮ» አለች ንብ።

«እኔ ለከርሞም አብባለሁ። የእሱ ድግስ ግን አንድ ነው፤ ጎረቤት እያለው እንዴት እንግዳ ያጣል?»

ያን ቀን ጅብራ በንብ ተሸፈነ። ዘሩ ሲደርስም የመጀመሪያዋን ፍሬ በማገጥ እቅፍ ውስጥ ጣለና፣ «ልጄን ክርስትና አንሺልኝ» አላት።

ተረቴን ሰጠሁ፤ ምርቃቴን አምጡ።