የሹም ቆብ የሆነው የአገልግል ክዳን

ቀረብ በሉ ልጆች፤ ከኋላ ያላችሁም ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረት ልነግራችሁ ነው። ዕቃ አይናገርም የሚል ካለ አሁኑኑ ወጥቶ ውጭ ይጠብቀን፤ ከእሱ ጋር የምከራከርበት ጉልበት የለኝም። አለ? የለም። ጎሽ!

ድሮ፣ ያን ያህልም ድሮ ባልሆነ ዘመን፣ በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ አንድ ሙዚየም ነበረ። በውስጡም ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩ የኖሩ ዕቃዎች ሥራ ፈተው ተቀምጠው ነበር። ከአንድ ግንድ ያለ ምስማር ተጠርበው የወጡት ባለ ሦስት እግሩ አባ በርጩማ "አይቀመጡበት" የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ስንቱን መንገደኛ ያበላችው አገልግል ደግሞ "አይንኩ" ተብሎ ተጽፎባታል። እስቲ ንገሩኝ፣ በርጩማ ካልተቀመጡበት፣ አገልግልም ካልነኳት ምን ሆነው ይኑሩ?

ይቺ አገልግል ከስንደዶና ከአለላ የተሰፋች፣ ከውጭ ቆዳ የለበሰች፣ የመንገድ ምግብ ሞልተው በጠፍር የሚያስሯት ነበረች። ወደ ሙዚየሙ በመጣች ቀን ግን ጉድ ሆነች። ጠፍሯ ተፈታና ክዳኗ ለብቻው ሄደ። ዕቃዎቹን የምታደራጀው ወይዘሮ ፋናዬ መልካም ሴት ናት፤ ግን ከተማ ተወልዳ ከተማ ያደገች፣ ምሳዋን በላስቲክ ዕቃ የምትቋጥር ናት። ክዳኑን አገላብጣ አየችው። አራት የጠፍር ማስገቢያ ጆሮዎች አገኘችበት።

"ይሄ እንኳ ቆብ ነው" አለች። ከእንጨት በተጠረበ ራስ ላይ ደፋችውና እንዲህ ብላ ጻፈችበት፦ "የሹም ቆብ። ጠፍሩ አገጭ ሥር ይታሰራል።" አገልግሏን ደግሞ ሌላ ክፍል አስቀምጣ "የአበባ ማስቀመጫ፣ ምናልባት" ብላ ጻፈችባት።

አንድ ሰኞ ወይዘሮ ፋናዬ በመደርደሪያዎቹ መካከል እየተዘዋወረች ለራሷ ተናገረች። "አርብ ዕለት ጎዶሎው ዕቃ ሁሉ ምድር ቤት ይወርዳል። ይቺም የአበባ ማስቀመጫ አፏ የተቆረጠ ይመስላል። ትውረድ።"

ምድር ቤቱ የምስጦች አገር ነበር። ምስጥ ስንደዶ እንዴት እንደሚወድ ታውቃላችሁ። አገልግሏ ሰምታ ደነገጠች። ሆዷ ውስጥ ቤቷን የሠራችውን አይጥ ጠራቻት።

"እሜቴ አይጥ፣ አለቀልኝ! ክዳኔን አምጪልኝ።"

"ክዳንሽ ከመጣ እኔ የት ልደር?"

"ምስጥ ከበላኝስ የት ታድሪያለሽ? ይልቅ እኔ የሞላሁ ቀን ፍርፋሪ አይጠፋም።"

"ፍርፋሪ ነው ያልሽው? ቀድመሽ እንዲህ አትይም!"

ማክሰኞ የምሳ ሰዓት ደረሰ። ሰዎቹ ወጡ፤ በሩ ተዘጋ። አይጥ ተፍ ተፍ እያለች ቆቦቹ ክፍል ገባች።

"ክዳን ሆይ፣ ክዳን ሆይ፣ እህትህ ትጠራሃለች!"

"ማን ነው ክዳን? የምን እህት? ጽሑፉን አንብቢ! የሹም ቆብ ነኝ።"

"ወረቀት እበላለሁ እንጂ ማንበብ አልችልም።"

"እንግዲያው ሂጂልኝ!"

ከሥሩ የእንጨቱ ራስ አጉረመረመ። "እኔን ማን ጠየቀኝ? ሰፍቶኝ ዓይኔን ጋርዶኛል። የመጣ የሄደውን ካየሁ ዓመቴ!"

ረቡዕ የምሳ ሰዓት ደረሰ። ሰዎቹ ወጡ፤ በሩ ተዘጋ። አባ በርጩማ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያሉ በሦስት እግራቸው ሄዱ።

"ክዳን ሆይ፣ ክዳን ሆይ፣ እህትህን ምስጥ ሊበላት ነው። እኔና እናንተ በአንድ በቅሎ ተጭነን አልመጣንም? አንተ ከላይ፣ እኔ ከታች?"

"ከላይ አሉ? አፍዎ ይባረክ! እኔ መቼም ቢሆን ከላይ ነኝ። ሹም ነኛ!"

"ሹምስ ዘመድ የለውም?" አሉ አባ በርጩማ፤ ተናደውም ቋ፣ ቋ፣ ቋ ብለው ተመለሱ።

አገልግሏ ይህን ከሁለቱ መልእክተኞች ስትሰማ አለቀሰች። ምስጡን ፈርታ ብቻ አልነበረም። አንድ እጅ የሰፋቸው፣ ከአንድ ነዶ የወጡ ናቸው፤ "የምን እህት" ማለቱ እጅግ አስከፋት።

ሐሙስ የምሳ ሰዓት ደረሰ። ሰዎቹ ወጡ፤ በሩ ተዘጋ። አባ በርጩማ ከመደርደሪያው ሥር ቆሙና "በይ ውረጂ፤ ራስሽ ትነግሪዋለሽ" አሏት። አይጥ ከኋላ ገፋቻት። ዱብ! አባ በርጩማ ተሸክመዋት ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያሉ ሄዱ። አይጥ ከፊት ከፊት "ወደ ቀኝ! ወደ ግራ! ኧረ መስታወቱን!" እያለች መንገድ መራች።

"ክዳኔ" አለች አገልግሏ፣ "ምን በድዬህ ነው የጠላኸኝ?"

ክዳኑ የሆዱን አወጣው።

"ሰው በተሰበሰበ ቁጥር እኔን ገልብጠው ሣር ላይ ይጥሉኛል። ከዚያ ሁሉም ዞሮ አንቺን ነው የሚከበው። እዚህ ግን ሰው ቆሞ ያየኛል።"

ይህን ጊዜ አይጥ የእንጨቱን አንገት ይዛ ወጣች፤ አፍንጫዋንም ወደ ክዳኑ ውስጥ አስገባች። አሸተተች። ደግማ አሸተተች። ከዚያ በሳቅ ልትወድቅ ደረሰች።

"ኧረ ጉድ! ይሄ ሹም ራሱን የሚያልበው ቅቤና በርበሬ ነው እንዴ?"

የእንጨቱ ራስ ሳቀ፤ አባ በርጩማም ሳቁ። ክዳኑ ከማፈሩ የተነሳ የሚገባበት ጠፋው። አገልግሏ ግን አልሳቀችም።

"ያ በርበሬ ከየት እንደመጣ ረሳኸው?" አለችው። "ሣር ላይ ሲያስቀምጡህ እኮ አልጣሉህም። እኔ ዘንድ እጃቸው የማይደርስ ሕፃናት ነበሩ። ለእነሱ ጎመኑንም ወጡንም አንተ ላይ ነው የሚያወጡላቸው። ትልልቆቹ ከእኔ በሉ፤ ትንንሾቹ ከአንተ።"

ክዳኑ አስታወሰ። የወንዙ ዳር፣ የሾላው ጥላ፣ ተሻምተው የሚጠርጉት ትንንሽ ጣቶች ሁሉ መጡበት። ደስታው ከዕንባ ጋር ተቀላቀለበት።

"እናንተዬ፣ እኔ እኮ ገበታ ነበርኩ! አንተ ራስ፣ ጎንበስ በልልኝ!"

"ይህን ቃል ስጠብቅ ነው የኖርኩት" አለ የእንጨቱ ራስ፤ ጎንበስም አለ። ክዳኑ ተንሸራቶ እህቱ ላይ አረፈ። ግን ተንጋደደ። "ቀይዋን አለላ ፈልግ!" አለችው። የሰፋቻቸው ሴት በእሷም ከንፈር በእሱም ከንፈር ላይ አንድ አንድ ቀይ አለላ ትታ ነበር፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ እንዳይጠፋ። ዞረ፣ ዞረ፣ ቀዩ ከቀዩ ሲገናኝ ቀጭ ብሎ ገጠመ።

በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ፋናዬ ከምሳ ስትመለስ የእንጨቱ ራስ ተራቁቶ፣ የሹም ቆብ የአበባ ማስቀመጫ ላይ ተደፍቶ አየች። ጮኸች። ከግቢው በር ላይ ተነስተው ወደ ውስጥ ዘልቀው የማያውቁት ዘበኛው ጋሽ ድንበሩ እየሮጡ መጡ።

"ጋሽ ድንበሩ! የሹሙን ቆብ ማን ነካው?"

"የቱን ቆብ?"

"ይሄውና!"

ጋሽ ድንበሩ አገልግሏን ብድግ አድርገው አዩዋት። "ኧረ ወይዘሮ ፋናዬ፣ ይቺ እኮ አገልግል ናት! በሞቴ፣ ይህን ደፍቶ የሚሾም ማን ነው?"

ወይዘሮ ፋናዬ ክዳኑን አየች፤ "አገጭ ሥር ይታሰራል" ብላ የጻፈችውን አየች። ሳቀች። ሳቋ አላቆም አለ፤ ከኋላዋ ያገኘችው ነገር ላይ ዘፍ አለች።

"እፎይ! ተመስገን!" አሉ አባ በርጩማ በሆዳቸው።

አርብ ዕለት አገልግሏ ምድር ቤት አልወረደችም። የጾም ቀን ነበርና የጋሽ ድንበሩ ሚስት ወይዘሮ አስካለ ምስርና ጎመን ሞሉባት። ሠራተኞቹ ከነልጆቻቸው ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ጠፍሯን ፈቱ። ክዳኑ ሲነሳ የሁሉም ፊት በራ። ወይዘሮ አስካለም ክዳኑን ሣሩ ላይ ገልብጠው የልጆቹን ድርሻ አወጡበት። አይጥም ሣር ውስጥ ሆና የተባለላትን ፍርፋሪ ለቀመች።

ከዚያ ወዲያ ጽሑፉ ተቀየረ። "አገልግል፤ ከነክዳኗ" ይላል። "ምናልባት" የሚለው ቃል ጠፍቷል። የእንጨቱ ራስም ራቁቱን ቆሞ የመጣ የሄደውን ያያል።

እናንተም ልጆች፣ ከላይ መቀመጥ የሚያምረው ከሥር የምትገጥሙት ዘመድ ሲኖራችሁ ነው። ተረቴን ከድኜ በጠፍር አስሬላችኋለሁ፤ ሲርባችሁ ፍቱት። ስትፈቱት ግን ለትንንሾቹ ክዳኑን ገልብጡላቸው።